እስትንፋስ የሚያሽከረክረው ዘንግ

በአንድ ጎልማሳ ሰው ሰውነት ውስጥ በአንድ ቅጽበት ያለው፣ ኤቲፒ የሚባለው ኃይል አዘዋዋሪ ሞለኪውል ሁሉ ተጠራቅሞ ሚዛን ላይ ቢወጣ 100 ግራም መሙላቱ ያጠራጥራል። ያው ሰው በአንድ ቀን የሚጠቀመው ኤቲፒ ግን ከገዛ ክብደቱ ጋር የሚቀራረብ ነው። ሒሳቡ የሚገጥመው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፦ ያቺው ጥቂት ኤቲፒ ትፈርሳለች፣ ተመልሳ ትሠራለች፣ ደግሞ ትፈርሳለች። እያንዳንዷ ሞለኪውል ይህ ዕጣ በቀን ውስጥ በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይደርሳታል። መልሶ የመሥራቱን ሥራ በአብዛኛው የያዘው ኤቲፒ ሲንቴዝ የሚባል ፕሮቲን ነው። ፕሮቲን ሲባል ሥጋና ባቄላ ትዝ ይለን ይሆናል፤ ይሄኛው ግን ዘንግ ያለው፣ እየተሽከረከረ የሚሠራ ማሽን ነው። ማሽን ማለቴ ነገር ለማሳመር አይደለም።

አስቀድሞ ኤቲፒ ራሱ። የተሠራው ከአምስት ንጥረ ነገሮች ብቻ ነው፦ ከካርቦን፣ ከሃይድሮጂን፣ ከናይትሮጂን፣ ከኦክስጅንና ከፎስፈረስ። የመጀመሪያዎቹ አራቱ ከሰው ክብደት 96 በመቶ ያህሉን ስለሚይዙ በጥሬ ዕቃው በኩል የሚያስደንቅ ነገር የለም። ነገሩ ያለው ጅራቱ ላይ ነው። እዚያ ሦስት ፎስፌቶች ተደርድረው ተያይዘዋል፤ ሁሉም ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላላቸው እርስ በርስ ይገፋፋሉ። ውሃ ገብቶ የመጨረሻውን ፎስፌት ሲለየው ኤዲፒ የሚባለው ይቀራል፤ ከአንድ ሞል ኤቲፒም 30 ኪሎጁል ያህል ኃይል ይገኛል። ጡንቻ የሚኮማተረው፣ ነርቭ መልእክት ለማስተላለፍ ተዘጋጅቶ የሚጠብቀው፣ ሕዋስ አዲስ ፕሮቲን የሚገነባው በዚህ ነው።

ብዙ የትምህርት ቤት መጻሕፍት ኃይሉ በፎስፌቶቹ ትስስር ውስጥ እንደተከማቸና ትስስሩ ሲበጠስ እንደሚወጣ ያስተምራሉ። ኬሚስት ይህን ሲሰማ ፊቱን ያጨማድዳል። የትኛውም ትስስር ሲበጠስ ኃይል ይበላል እንጂ አይሰጥም። ትርፉ የሚመጣው የሚገፋፉት በመለያየታቸው፣ በምትኩም ከውሃ ጋር የረጋ ትስስር በመፈጠሩ ነው። ከዚያም በላይ፣ ሕዋስ ዘወትር ኤቲፒውን ከኤዲፒው እጅግ አብዝቶ ይይዛል። ሁለቱ በተፈጥሮ ሚዛናቸው ላይ ቢያርፉ ኖሮ ያው ሞለኪውል እዚያው ተቀምጦ አንዳች ሥራ አይሠራም ነበር። ሕይወት ያለውን ነገር ከሌለው የሚለየው ኬሚስትሪ ይህ ይመስለኛል፦ ዕቃው አንድ ነው፤ ልዩነቱ ሚዛኑ እንዳይስተካከል ያለ እረፍት መድከም ነው።

ኤቲፒ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1929 ነው፤ በጀርመን ካርል ሎማን፣ በአሜሪካ ሃርቫርድ ደግሞ ሳይረስ ፊስኬና ሕንዳዊው ይላፕራጋዳ ሱባሮው ከጡንቻ ውስጥ አወጡት። በ1941 ፍሪትዝ ሊፕማን በሕያዋን ሁሉ ውስጥ ኃይል የሚዘዋወርበት ዋና መንገድ ይኸው መሆኑን አስረዳ። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ተቆለፈ። የምንተነፍሰው ኦክስጅን ከኤቲፒ መሠራት ጋር እንደሚያያዝ ታውቋል፤ በምን እንደሚያያዝ ግን የሚናገር ጠፋ። የጊዜው ሊቃውንት በመካከል ኃይሉን ተቀብሎ የሚያቀብል አንድ ሞለኪውል መኖር አለበት ብለው ዓመታት ፈለጉ። አላገኙትም፤ አልነበረምና።

በ1961 እንግሊዛዊው ፒተር ሚቸል ፍለጋው ራሱ የተሳሳተ ነው አለ። አቀባዩ ሞለኪውል ሳይሆን የኤሌክትሪክና የፕሮቶን ልዩነት ነው፤ በአንድ ስስ ሽፋን በወዲህና በወዲያ የሚፈጠር። ብዙዎቹ አልተቀበሉትም። ሚቸል ታመመ፣ ዩኒቨርሲቲውን ለቀቀ፣ በኮርንዎል ገጠር አንድ አሮጌ ቤት አሳድሶ እዚያው የግሉን ላቦራቶሪ ከፈተ። በ1978 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ያለ ተጋሪ ተቀበለ።

ሐሳቡ እንዲህ ነው። የበላነው እንጀራ ስታርቹ ወደ ግሉኮስ፣ ግሉኮሱም ወደ ትናንሽ ቁርጥራጭ ይፈታል፤ ከነዚህ የሚወሰዱት ኤሌክትሮኖች ሚቶኮንድሪያ ወደሚባሉት የሕዋስ ክፍሎች ይገባሉ። በሚቶኮንድሪያ ውስጠኛ ሽፋን ላይ ከፕሮቲን ወደ ፕሮቲን እየተቀባበሉ ይወርዳሉ። በየደረጃው በሚለቁት ኃይል ፕሮቶኖች ከሽፋኑ ወዲያ ማዶ ይገፋሉ። በመጨረሻ ኤሌክትሮኖቹን የሚቀበለው ኦክስጅን ነው፤ ከፕሮቶን ጋር ተዋሕዶ ውሃ ይሆናል። አየር የምንስበው ለዚህ ነው፤ መጨረሻ ላይ ተቀባይ ከጠፋ ሰልፉ በሙሉ ይቆማል። ሳያናይድ በደቂቃዎች የሚገድለውም ይህንኑ የመጨረሻ በር ስለሚዘጋ ነው።

ማዶ የተከማቹት ፕሮቶኖች መመለስ ይፈልጋሉ። በሽፋኑ ሁለት ጎን ያለው የቮልቴጅ ልዩነት 150 ሚሊቮልት ገደማ ነው፤ ለእጅ ባትሪ እንኳ አይበቃም። ሽፋኑ ግን ውፍረቱ ወደ 5 ናኖሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ለአንድ ሜትር ሲሰላ 30 ሚሊዮን ቮልት ይመጣል። ሽፋኑ ፕሮቶን አያሳልፍም። ዋናው መመለሻ መንገድ ኤቲፒ ሲንቴዝ ነው።

በደጋ ወንዝ ዳር የውሃ ወፍጮ ያየ ሰው አሠራሩን ለማሰብ አይቸገርም፦ ከታች በውሃ የሚመታ ጎማ፣ ከእሱ ቀጥ ብሎ የሚወጣ ዘንግ፣ ከላይ ሥራው የሚሠራበት ቤት። እዚህ በውሃው ፈንታ የሚወርደው ፕሮቶን ነው። ጎማው በሽፋኑ ውስጥ የተቀበረ የፕሮቲን ቀለበት ሲሆን፣ በከብትም ሆነ በሰው ስምንት ቁራጭ አለው፤ ስምንት ፕሮቶኖች ሲያልፉ አንድ ዙር ይሞላል። ዘንጉ ጎባጣ ነው። ሲዞር ከላይ ያሉትን ሦስት ክፍሎች በተራ ይገፋቸዋል፤ አንዱ ኤዲፒና ፎስፌት ሲቀበል፣ ሁለተኛው ያጣብቃል፣ ሦስተኛው የተሠራውን ይለቅቃል። በአንድ ዙር ሦስት ኤቲፒ ይወጣል፤ ዙሩ ደግሞ በሰከንድ ከመቶ ሊበልጥ ይችላል።

አሜሪካዊው ፖል ቦየር ያስተዋለው ከሁሉ ይገርመኛል። ኤዲፒንና ፎስፌትን ለማያያዝ የሚወጣው ኃይል ኢምንት ነው፤ ክፍሉ አጥብቆ ሲይዛቸው በራሳቸው ይያያዛሉ። ኃይሉ በአብዛኛው የሚያልቀው የተሠራውን ኤቲፒ ከያዘው እጅ ለማስለቀቅ ነው። በ1994 ጆን ዎከር በካምብሪጅ ከላም ልብ የወጣውን ማሽን ቅርጽ በኤክስሬይ ሲያሳይ ሦስቱ ክፍሎች ቦየር እንዳለው ሦስት የተለያየ ሁኔታ ላይ ተገኙ። ሁለቱ በ1997 ኖቤል ተሸለሙ። በዚያው ዓመት ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ማሽኑን መስታወት ላይ ተክለው፣ ዘንጉ ጫፍ ላይ የሚያበራ ክር አሰሩና ኤቲፒ አፈሰሱበት። ክሩ በማይክሮስኮፕ ሥር ሲዞር ታየ። ያዩት የተገላቢጦሹን ነው፤ ማሽኑ ኤቲፒ ሲያገኝ ወደ ኋላ ይሽከረከራልና።

ሽፋኑ ቢያፈስስ ምን ይሆናል? በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ዳይናይትሮፊኖል የሚባል ኬሚካል ለማክሳት ይሸጥ ነበር። ፕሮቶኖችን ተሸክሞ በሽፋኑ ያሾልካቸዋል፤ ዘንጉ ሳይዞር የምግቡ ኃይል ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ሰዎች በእርግጥ ከሱ፤ አንዳንዶቹም ከውስጥ በሚነድ ትኩሳት ሞቱ። በ1938 ታገደ፤ ዛሬም በድብቅ የሚገዛው አልጠፋም። የሚገርመው ተፈጥሮ ራሷ ይህንኑ ዘዴ በልክ ትጠቀምበታለች፦ አዲስ የተወለደ ሕፃን በቡናማ ስቡ ውስጥ ፕሮቶን የሚያሾልክ ፕሮቲን አለው፤ ሳይንቀጠቀጥ የሚሞቀው በዚያ ነው።

ይህ ማሽን በጤፍ ቅጠል ውስጥ አለ፤ በባክቴሪያም አለ። በዝርዝር ቅርጹ ግን ጥቂት ይለያያል፤ ለሐኪም የጠቀመውም ይኸው ጥቂት ልዩነት ነው። ቤዳኩዊሊን የሚባለው መድኃኒት ከሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ማሽን ቀለበት ጋር ተጣብቆ እንዳይዞር ያደርገዋል፤ የሰውን ማሽን የሚያውከው እጅግ በሚበልጥ መጠን ሲሰጥ ነው። ዒላማው የታወቀው መድኃኒቱን የተቋቋሙ ባክቴሪያዎች ዘረመል ሲነበብ ለውጡ የቀለበቱ ጂን ላይ በመገኘቱ ነበር። በአሜሪካ በ2012 ተፈቀደ፤ መድኃኒት ለተላመደ ሳንባ ነቀርሳ በሚሰጥ፣ ቤዳኩዊሊንን በያዘ ሕክምና ላይ ከተካሄዱት ሙከራዎች አንዱም ኢትዮጵያውያን ሕሙማንን አካቷል። ባክቴሪያው ወዲያው አይሞትም። ለጥቂት ቀናት ከሌላ መንገድ በሚያገኛት ጥቂት ኤቲፒ ይቆያል፤ መድኃኒቱም ለወራት፣ ከሌሎች ጋር ተጣምሮ ይወሰዳል።