ከኮከቡ ጀርባ ያለው ቁጥር፦ የዩጎዝላቪያ ወታደራዊ ኒሻኖች እንዴት ይመረመራሉ?

ስድስት ሪፐብሊኮችን ያቀፈችው ሶሻሊስት ዩጎዝላቪያ ከዓለም ካርታ ላይ ከጠፋች ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በላይ አልፈዋል። ሠራዊቷም አብሯት ፈርሷል። ይሁን እንጂ የሠራዊቱ ኒሻኖች፣ ሜዳልያዎች፣ የቆብ ኮከቦችና የቀበቶ ዘለበቶች ዛሬም በቤተሰብ መሳቢያዎች፣ በአሮጌ ዕቃ ገበያዎችና በሰብሳቢዎች እጅ ይገኛሉ። እነዚህን መሰብሰብ ለብዙዎች የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ነው፤ ማጥናቱ ግን ከኬሚስትሪ፣ ከፊዚክስና ከመዛግብት ምርመራ ጋር የተያያዘ ሙያ ነው። አጥኚው መልስ የሚሻላቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፤ ይህ ዕቃ እውነተኛ ነውን? የማን ደረት ላይስ ነበር?

በጦርነት መካከል የተወለዱ ኒሻኖች

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የነበረው የዩጎዝላቪያ መንግሥት ዘውዳዊ ነበር። እንደ ካራጆርጄ ኮከብ፣ ነጭ ንስርና ቅዱስ ሳቫ ያሉትን ኒሻኖች ከሰርቢያ ዘውድ ወርሷል። ከእነዚህም መካከል በፓሪሱ አርቱስ በርትራንድና በስዊዘርላንዱ ኡገናን የተሠሩ ይገኙባቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ1941 የናዚ ጀርመንና የአጋሮቿ ጦር አገሪቱን ሲወር፣ በዮሲፕ ብሮዝ ቲቶ የሚመሩት ፓርቲዛኖች በዱር በገደሉ ትግል ጀመሩ። የመጀመሪያው መለያቸው በቆብ ላይ የሚሰፋ ወይም የሚሰካ ቀይ ኮከብ ነበር። አንዱ ከጨርቅ ተቆርጦ በእጅ ተሰፍቷል፤ ሌላው ከቆርቆሮ ተቀርጾ ቀለም ተቀብቷል። ፋብሪካ ስላልነበረ ሁለቱ ኮከቦች አንድ ዓይነት ሆነው መገኘታቸው ብርቅ ነው። ለአጥኚው አስቸጋሪ የሚሆኑትም እነዚሁ ናቸው፤ ዛሬም ማንም ሰው በቀላሉ ሊሠራቸው ይችላልና።

ነሐሴ 15 ቀን 1943 ትግሉ ገና ሳያበቃ የሕዝብ ጀግና፣ የፓርቲዛን ኮከብ፣ የሕዝብ ነፃነት፣ የወንድማማችነትና አንድነት እንዲሁም የጀብዱ ኒሻኖች በአዋጅ ተቋቋሙ። ከአርማውና ከኒሻኖቹ ንድፍ ጋር ስማቸው የሚነሣው የክሮኤሺያው ቀራፂ አንቱን አውጉስቲንቺችና ሠዓሊው ጆርጄ አንድሬየቪች ኩን ናቸው። ከሁሉ የከበረው የሕዝብ ጀግና ኒሻን የተሰጠው ለ1,322 ሰዎች ሲሆን፣ ከእነርሱ 91ዱ ሴቶች ነበሩ። ብዙዎቹ ኒሻኑን በሕይወት ሳሉ አላዩትም፤ የተረከቡት ቤተሰቦቻቸው ናቸው።

ፊቱ ያምራል፣ ጀርባው ይናገራል

ልምድ ያለው ሰብሳቢ ኒሻን ሲያገኝ አስቀድሞ ይገለብጠዋል። ከመጀመሪያዎቹ ኒሻኖች መካከል በሞስኮ የገንዘብ ማተሚያ ቤት የተመቱት ከጀርባቸው የሩሲያኛ ጽሑፍና ተከታታይ ቁጥር አላቸው፤ በልብስ ላይ የሚታሰሩትም በብሎንና በዳዶ ነው። ቆይቶ ሥራው ወደ አገር ውስጥ ሲዛወር የዛግሬቡ ኢኮምና የቤልግሬዱ ማተሚያ ቤት ምልክቶች ታዩ፤ ብሎኑም በአብዛኛው በመርፌ ተተካ። ስለዚህ የሞስኮ ጽሑፍ ያለበት ኒሻን የኋለኛው ዘመን መርፌ ተበይዶበት ከተገኘ፣ ወይ ተጠግኗል ወይ ተቀጣጥሏል ማለት ነው።

የአገሪቱ አርማም እንደ ቀን መቁጠሪያ ያገለግላል። በመጀመሪያው አርማ ላይ አምስቱን ሕዝቦች የሚወክሉ አምስት ችቦዎች ነበሩ። በ1963 ሕገ መንግሥቱ ሲለወጥ ችቦዎቹ ስድስት ሆኑ፤ ትርጓሜያቸውም ስድስቱ ሪፐብሊኮች ሆነ። በ1950 ተሰጠ በሚባል የምስክር ወረቀት ላይ ስድስት ችቦዎች ከታዩ፣ ያ ወረቀት በተባለው ዓመት አልታተመም።

ሳይንስ የሚያጋልጠው ሐሰት

ዋጋ ያለው ዕቃ ሁሉ አስመሳይ አያጣም። በጣም የተለመደው ማጭበርበሪያ ከእውነተኛው ኒሻን ቅርጽ ወስዶ ብረት አቅልጦ ማፍሰስ ነው። የቀለጠ ብረት ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ቅጂው ከዋናው በጥቂቱ ያንሳል፤ ይህንን ተራ የመለኪያ መሣሪያ ይደርስበታል። በአጉሊ መነጽር ሲታይም በማተሚያ የተመታው ጠርዙ ስል ሲሆን፣ ቀልጦ የፈሰሰው ግን ደብዛዛ ነው፤ ጥቃቅን የአየር ቀዳዳዎችም ይታዩበታል።

ቀዩ የኮከብ ቀለም ኢናሜል ይባላል። እውነተኛው ኢናሜል ቀለም ያለው የመስታወት ዱቄት በ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ቀልጦ ከብረት ጋር የተዋሐደ ነው። ጠንካራ ቢሆንም ሲወድቅ እንደ መስታወት ይሰነጠቃል። ርካሹ ቅጂ ግን በፕላስቲክ ነክ ሙጫ ይሞላል፤ ይህም ለስላሳ ሆኖ በቀላሉ ይጫጫራል።

ብረቱን ሳይጎዱ ለመመርመር ኤክስሬይ ያገለግላል። ጨረሩ ሲያርፍባቸው የብር፣ የመዳብና የዚንክ አተሞች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጨረር ስለሚመልሱ፣ መሣሪያው ውሕዱን ለይቶ ያነባል። የሚያነበው ግን የላይኛውን ገጽ በመሆኑ ወርቅ ቅብ ሊያሳስተው ይችላል። ለሪባኑ ደግሞ አልትራቫዮሌት ብርሃን አለ። ጨርቅን ነጭ የሚያስመስሉ የሚያበሩ ኬሚካሎች የተስፋፉት ከጦርነቱ በኋላ ነው፤ ስለዚህ የ1930ዎቹ ነው የተባለ ሪባን በዚህ ብርሃን ሥር ሰማያዊ ሆኖ ቢያበራ ያጠራጥራል። በዘመናዊ ሳሙና የታጠበ አሮጌ ጨርቅም ሊያበራ ስለሚችል፣ አንድ ምልክት ብቻውን ፍርድ አይሰጥም።

ብረትና ወረቀት ሲለያዩ

ላቦራቶሪ የሚመልሰው የመጀመሪያውን ጥያቄ ነው። ሁለተኛውን የሚመልሱት ቁጥርና ሰነድ ናቸው። ለምሳሌ በ1944 የተቋቋመው የ1941 ፓርቲዛኖች መታሰቢያ ትግሉን በመጀመሪያው ዓመት ለተቀላቀሉ ከ27 ሺህ ለሚበልጡ ሰዎች የተሰጠ ነው። ከጀርባው ያለው ቁጥር ከምስክር ወረቀቱ ጋር ሲገናኝ ብረቱ ስም ያገኛል፤ የሰውየው የትውልድ መንደርና የተዋጋበት ክፍል ሊታወቅ ይችላል። ከ1991 ጀምሮ አገሪቱ በጦርነት ስትታመስ ግን ብዙ ቤተሰብ ተሰደደ፤ ኒሻኖችም ተሸጡ። ሻጩ ብረቱን ለአንዱ፣ ወረቀቱን ለሌላው ሲሸጥ የሰውየው ታሪክ ሊጠፋ ይችላል። የተሳሳተ እንክብካቤም ሌላው ጠላት ነው፤ በማጽጃ የተፈተገ ኒሻን ዕድሜውን የሚመሰክረውን ገጽ ያጣል፤ ከፒቪሲ ፕላስቲክ የሚወጣው ጋዝም ብረቱን ይበላል።

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1954 ዩጎዝላቪያን ሲጎበኙ በዚያው ዓመት የተቋቋመው ከፍተኛው የዩጎዝላቪያ ታላቅ ኮከብ ኒሻን ተሸልመዋል። አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ የቆመውን የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት የሠሩትም ያው አውጉስቲንቺችና የሙያ ባልደረባው ፍራኖ ክርሺኒች ናቸው። ሐውልቱ ቦታውን ስላልለቀቀ ስለማን እንደቆመ መንገደኛው ሁሉ ያውቃል። ኒሻን ግን ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል።

ስለዚህ የአባት ወይም የአያት ኒሻን በእጁ ያለ ሰው ብረቱን ከማጽዳቱ በፊት ሊያደርገው የሚገባ ነገር አለ። የባለቤቱን ስም፣ ያገለገለበትን ክፍልና ኒሻኑን ያገኘበትን ምክንያት በንጹሕ ወረቀት ጽፎ ከኒሻኑ ጋር ያኑር። ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣ አጥኚ የብረቱን ውሕድ በመሣሪያ ይደርስበታል፤ ስሙን ግን የጻፈለት ከሌለ ከየትም አያገኘውም።