ለውጭ ካሜራ ሽቦ የሚሆን መጠለያ
ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በተቆረቆረችው ደብረ ማርቆስ፣ የዘመነ ክረምቱ ዝናምና በረዶ ከበጋው ሐሩረ ፀሐይ ጋር ስለሚፈራረቅ፣ በአጥር ላይ የተሰቀለ የጥበቃ ካሜራ ሽቦው ራቁቱን ከተተወ፣ ልባሱ ተሰነጣጥቆ ውሃ ወደ መዳቡ መዝለቁ አይቀርም። የደጋ ፀሐይ አየሩ ቢቀዘቅዝም ጨረሩ ከቆላው ይበረታልና፣ ለቤት ውስጥ ግድግዳ የተሠራውን ነጭ የፕላስቲክ ቱቦ በአፍአ መዘርጋትን፣ ርካሽነቱ ቢያጓጓም፣ አልመክርም፤ ጥላሸት የተቀላቀለበት፣ ለውሃ መስመር የሚውለው ጥቁር የፖሊኢትሊን ቱቦ ግን ጨረሩን እጅግ ይታገሣል፤ ከኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ቢታጣ የቧንቧ ዕቃ ሻጩን መጠየቅ ነው። ሽቦውም ካሜራው ዘንድ ሲደርስ መጀመሪያ ቁልቁል ረገብ ብሎ ከዚያ ሽቅብ ይግባ፤ ተከትሎት የሚወርደው ጠብታ ከእጥፋቱ ግርጌ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ መጋጠሚያው አይደርስምና። የቱቦው ዝቅተኛ ቦታ ደግሞ በቀጭን ምስማር ይበሳ፤ የሌሊቱ ቁር በውስጡ የሚቋጥረው ጤዛ መውጫ ይሻል።