ደላላው ስለ ካምቢዮ የማይነግርዎ

ፍኖተ ሰላም ላይ ናፍጣ ፒክአፕ ሊገዛ የመጣ ሰው ከዋጋው ቀጥሎ የሚጠይቀው ካምቢዮውን ነው። ማንዋል ከሆነ ደላላው ደረቱን ነፍቶ ያወራል። አውቶማቲክ ከሆነ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይሄ እንኳ ለገጠር አይሆንም» ይላል። እኔም ከጋራዥ ሰፈር ነኝና የምነግርዎትን እዚሁ ይተዉት፤ ምክሩ ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው።

«ማንዋል ጉልበት አለው» የሚለው ወሬ ነው። የቶዮታ ሃይሉክስ ባለ 2.8 ሊትር ሞተር እ.ኤ.አ. በ2020 ከተሻሻለ ወዲህ ከአውቶማቲክ ካምቢዮ ጋር ሲሠራ የመሳብ ጉልበቱ 500 ኒውተን ሜትር ነው፤ ያው ሞተር ከማንዋል ጋር ሲታሰር 420 ብቻ ይሰጣል። አሜሪካ ውስጥም የራም ከባድ ፒክአፕ የከሚንስ ሞተር ማንዋል ሲሆን ጉልበቱ በብዙ ተቀንሶለት ነበር። ማንዋሉም እ.ኤ.አ. ከ2018 ሞዴል በኋላ ቀረ፤ ዛሬ እዚያ አገር አዲስ ከባድ ፒክአፕ በማንዋል አይሸጥም።

ታዲያ የእኛ ገበያ ለምን ማንዋል ማንዋል ይላል? ነገሩ ወዲህ ነው። የማንዋል ፍሪሲዮን ሲያልቅ ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ ካምቢዮ አውርዶ ሸራ የሚቀይር መካኒክ አይጠፋም። አውቶማቲክ ግን የራሱ ዘይት፣ የኮምፒውተር ምርመራና አቧራ የማይገባበት ቤት ይፈልጋል። አዳዲሶቹ አብዛኞቹ የዘይት መለኪያ ዘንግ እንኳ የላቸውም፤ የዘይቱ ልክ የሚታወቀው ዘይቱ የታዘዘለት ሙቀት ላይ ሲደርስ ከሥር ቡሎን ተፈቶ ነው። ይህን የማይችል ጋራዥ «አልችልም» አይልም፤ «አውቶማቲክ ደካማ ነው» ይላል። ባለመኪናው አባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ መለዋወጫውንም ሶማሌ ተራ ያስሳል። መንገድ በሚዘጋባቸው ሳምንታት ደግሞ መኪናው ጋራዥ ግቢ ቆሞ ይከርማል።

ደላላው ከዚህ ያተርፋል። ባለአውቶማቲኩን «እዚህ ማን ይገዛሃል» ብሎ ያስረክሰዋል፤ ያንኑ መኪና አዲስ አበባ ላይ «ምቾቱን እየው» እያለ ያስወድደዋል።

አውቶማቲኩን የሚገድለው ብዙ ጊዜ ገጠሩ ሳይሆን ጉተታው ነው። መኪናው ኩች ወይም ማንኩሳ ላይ ባትሪ ጨርሶ ይቆማል። ማንዋል ቢሆን ሁለተኛ ማርሽ አስገብተው፣ ጎረምሶች ገፍተው፣ ፍሪሲዮን ሲለቀቅ ይነሣል። አውቶማቲክ በግፊ አይነሣም። ስለዚህ ከአይሱዙ ኋላ በገመድ ይታሰርና የኋላ ጎማው እየተሽከረከረ እስከ ከተማ ይጎተታል። የካምቢዮውን ዘይት የሚገፋው ፓምፕ የሚዞረው ሞተር ሲሠራ ብቻ ስለሆነ ውስጡ ደርቆ እርስ በርሱ ይፋጫል። በባትሪ የቆመው መኪና ካምቢዮው ተቃጥሎ ጋራዥ ይገባል፤ ለባለቤቱም «ድሮም ደካማ ነው» ይባላል። በክሬን ማስጫን ካልተቻለ ከካምቢዮ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውን ዘንግ ፈትቶ መጎተት ነበር መፍትሔው። ጥቂት ቡሎን ነው፤ የሚፈታው ግን የለም።

ማንዋሉም ቅዱስ አይደለም። ከደንበጫ ወደ ፈረስ ቤት ዳገቱን ሲወጡ አንዳንዱ ሾፌር እግሩን ከፍሪሲዮን ላይ አያነሣም። ሃይሉክስ የሚችለው አንድ ቶን አካባቢ፣ በእኛ አነጋገር 10 ኩንታል ነው፤ ቡሬ ላይ በቆሎና በርበሬ ሲጫን ግን ማን ይቆጥራል? ጭነቱ ሲበዛ በግማሽ ፍሪሲዮን መነሣት ይመጣል፤ ሸራው የሚያልቀው ያን ጊዜ ነው። መኪናው የመሥሪያ ቤት ከሆነ ደግሞ ወጪው ከሾፌሩ ኪስ አይወጣም።

የአውቶማቲክ ሾፌር ጥፋት የሚታየው ከደጀን ወደ አባይ ሲወርድ ነው። ማርሹን «ዲ» ላይ ትቶ በፍሬን ብቻ ይወርዳል፤ ድልድዩ ጋ ሲደርስ የፍሬን ሸራ ይሸታል። አውቶማቲክም ከባድ ማርሽ አለው፤ ወደ «ኤስ» ወይም ወደ ቁጥሩ ስቦ በሞተር መያዝ ነው።

ሲገዙ ይህን ያድርጉ። ማንዋል ከሆነ የእጅ ፍሬን ይዘው፣ ከፊት ያለውን ሰው ገለል አድርገው፣ ሦስተኛ ማርሽ አስገብተው ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ይልቀቁ። ሞተሩ ወዲያው ከጠፋ ሸራው ደህና ነው፤ እያጓራ ከቀጠለ አልቋል። አውቶማቲክ ከሆነ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ይምጡ፤ ደላላ ቀድሞ አሙቆ የሚጠብቅዎት ያለ ነገር አይደለም። ፍሬን ረግጠው ከ«አር» ወደ «ዲ» ያዙሩት። ዘግይቶ ከገባ ወይም ከመታ ይተዉት። ከዘይቱ ጥቂት ያስወጡ፤ ጠቁሮ የመቃጠል ሽታ ካለው ዋጋ እንኳ አይደራደሩ። «የዚህ ዘይት አይቀየርም» ለሚልዎት፣ ጭነት ለሚበዛበት መኪና ፋብሪካው ራሱ ቀይሩ እንደሚል ይንገሩት።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከወሰነ ወዲህ በእጅ ያለ መኪና ዋጋ አለው፤ ስለዚህ የሚገዙት ፒክአፕ ብዙ ዓመት አብሮዎት ሊኖር ነው። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ራስዎ የሚነዱት፣ አስፋልት የሚበዛበትና በየጊዜው አዲስ አበባ የሚወርድ ከሆነ አውቶማቲክ ይግዙ፤ ዘይቱን ብቻ በወቅቱ ያስቀይሩ። ለቅጥር ሾፌር የሚሰጡት፣ ውሎው ከቡሬ ወዲያ ጭቃ ውስጥ ከሆነ ማንዋል ይግዙ፤ የፍሪሲዮኑን ወጪ ግን ከመግዣው ዋጋ ጋር አስቀድመው ይደምሩት።