ከአሰቦት በኋላ የሚፈላው ሞተር

ታኅሣሥ 19 ሲቃረብ ከአዲስ አበባ ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚወስደው መንገድ በመኪና ይጨናነቃል። ከእነዚህ መኪኖች ብዙዎቹ ዓመቱን ሙሉ ከሰፈር መሥሪያ ቤት፣ ከመሥሪያ ቤት ሰፈር ሲመላለሱ የከረሙ ናቸው። እስከ አዋሽ ሰባት ድረስ ከፍታው በጥቅሉ እየቀነሰ ስለሚሄድ ሞተሩ እምብዛም አይጨነቅም። ከአዋሽ በኋላ መንገዱ በቆላው ሙቀት ውስጥ ቀስ በቀስ ከፍ እያለ አሰቦትን ያልፍና 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ሚኤሶ ይደርሳል። ዋናው ዳገት ከዚያ ወዲያ ነው፤ ጭሮ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ቁልቢ ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ። ቤተሰብና ስንቅ የጫነች አሮጌ ኮሮላ በሁለተኛ ማርሽ ስታቃስት የሙቀት ጌጁ ቀስት ወደ ቀዩ ያዘነብላል። ጌጅ የሌላቸው አንዳንድ ቪትዞች ደግሞ ቀይ መብራት ብቻ ያበራሉ። ሹፌሩ ዳር ይይዛል፣ ኮፈኑን ያነሣል፣ እንፋሎቱ ይትጎለጎላል።

ብዙ ሰው ጥፋቱን በዳገቱ ላይ ይጥላል። ደህና ሞተር ግን ይህን ዳገት ሳይፈላ ይወጣዋል። እዚህ የሚፈላ መኪና አብዛኛውን ጊዜ ችግሩን ከቤቱ ይዞት የመጣ ነው፤ ግቢ ውስጥ ቀዝቅዞ እንደቆመ፣ ያለ ልዩ መሣሪያ፣ በማለዳ ሊገኝ ይችል የነበረ ችግር።

በአሰቦትና በሚኤሶ በኩል በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ ያልፍ ነበር፤ ሁለቱም ከተሞች ጣቢያዎቹ ነበሩ። የእንፋሎት ባቡር ጉልበቱን የሚያገኘው ውሃ አፍልቶ ነው። በመኪና ሞተር ውስጥ ያለው ውሃ ግን የሚጠቅመው እስካልፈላ ድረስ ነው። ነዳጅ ሲቃጠል ከሚሰጠው ጉልበት ጎማ የሚያዞረው ሲሶው ገደማ ነው፤ ሌላው ሲሶ ከጭሱ ጋር በማርሚታ ይወጣል፣ የቀረው ብረቱን ያግላል። ይህን የመጨረሻውን ሲሶ ተሸክሞ የሚያወጣው ውሃው ነው። ፖምፓው ውሃውን በሲሊንደሮቹ ዙሪያና በቴስታታው ውስጥ ይገፋዋል፤ የጋለው ውሃ በላይኛው ጎማ ቱቦ ወደ ራዲያተሩ ይገባል፣ በቀጫጭን ቱቦዎች ሲያልፍ ነፋስ ያበርደዋል፣ በታችኛው ቱቦ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚከለክለው ቴርሞስታት ነው። ይህ በውስጡ ሰም የያዘ ትንሽ ቫልቭ ሲሆን በብዙ መኪኖች 82 ዲግሪ አካባቢ መከፈት ይጀምራል። (የድሮዋ ቮልስ ከዚህ ሁሉ ነፃ ናት፤ ራዲያተርም ውሃም የላትም፣ የምትቀዘቅዘው በነፋስና በዘይት ነው።)

ከእነዚህ ዕቃዎች ሁሉ በጣም የሚናቀው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ በዚህ መንገድ ላይ ግን ከሌሎቹ ይልቅ ሊታሰብበት ይገባል። ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ጅቡቲ ወደብ ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ አዋሽ ላይ በ97፣ ጭሮ ላይ በ94፣ አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሞተር ደግሞ በጤናው ቀን እንኳ ከ85 እስከ 100 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ይሠራል። እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ ነው፤ በላዩ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ይገኛል፣ ይህም አፍኖ የሚይዘው የግፊት መጠን ነው። 0.9 የተጻፈበት ደህና ክዳን ጭሮ ላይ ውሃው 115 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ እንዳይፈላ ያደርጋል። ላስቲኩ የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ይህን ሃያ ዲግሪ የሚያህል መጠባበቂያ ሙሉ በሙሉ ያሳጣል። ራዲያተርና ፖምፓ ከተለወጠ በኋላም መፍላቱ ካልቆመ፣ መጀመሪያ መለወጥ የነበረበት ይህ ርካሽ ክዳን ሊሆን ይችላል።

መኪናው መቼ እንደሚሞቅ ማስተዋል ግማሽ ምርመራ ነው። በመንገድ መጨናነቅ ቆሞ እየሞቀ ሲሄድ የሚበርድ ከሆነ ጥርጣሬው በቬንትሌተሩ ላይ ነው፤ ፊውዙ፣ ሪሌው ወይም የራሱ የቬንትሌተሩ ሞተር ተቃጥሎ ይሆናል። ከተማ ውስጥ ደህና ሆኖ ዳገት ላይና በፍጥነት ሲነዳ የሚሞቅ ከሆነ ራዲያተሩ ተደፍኗል ወይም ፖምፓው ደክሟል። ተነሥቶ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቀዩ ላይ የሚደርስ ደግሞ ወይ ውሃ የለውም፣ ወይ ቴርሞስታቱ እንደተዘጋ ቀርቷል። ይህኛውን በቱቦዎቹ መለየት ይቻላል፤ ሞተሩ ሞቆ የላይኛው ቱቦ ሲያቃጥል የታችኛው ቀዝቃዛ ከሆነ ውሃው እየዞረ አይደለም።

የቤቱ ምርመራ በማለዳ ይጀምር፤ ሞተሩ ሳይነሣ ክዳኑ ተከፍቶ ውሃው እስከ አፉ መሙላቱ ይታይ። ጎድሎ ከተገኘ የት እንደሄደ ሳይታወቅ መሙላት ሕክምና አይደለም። መኪናው ባደረበት መሬት ላይ እርጥበት ካለ፣ በቱቦዎቹ መጋጠሚያ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝቃጭ ከደረቀ፣ ከፖምፓው ሥር ካለችው ትንሽ ቀዳዳ ውሃ የወረደበት መስመር ከታየ፣ መፍሰሻው ተገኘ ማለት ነው። ፖምፓውን የሚያዞረው ቺንጋም ተሰንጥቆ ወይም ላልቶ እንደሆነ በጣት ተጭኖ ይታያል። ከዚያ የራዲያተሩ ፊት ይፈተሻል፤ በቆላ መንገድ የተጠራቀመ አቧራ፣ ገለባና ነፍሳት ነፋሱን ይዘጋዋል። በውሃ ቱቦ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ ቢታጠብ፣ ግፊቱም ቀለል ቢል፣ ቀጫጭኖቹ ቆርቆሮዎች ሳይተጣጠፉ ይጸዳል።

የውስጡ መደፈን የሚመጣው ከሚጨመረው ውሃ ነው። ማዕድን የበዛበት ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋግረውን ነጭ ቅርፊት በራዲያተሩ ቱቦዎችም ውስጥ ይጋግራል። በስምጥ ሸለቆው ቆላ ብዙ ቦታ የጉድጓዱ ውሃ ጨዋማ ነው፤ መተሐራ ላይ ከመንገዱ ዳር የተኛው የበሰቃ ሐይቅማ ለሞተር ፈጽሞ አይሆንም። ሹፌሩ ለክፉ ቀን ጥቂት ሃይላንድ ንጹሕ ውሃ ከቤቱ ቢይዝ ይሻለዋል። ኩላንት ለብርዳማ አገር ብቻ ነው የሚለው እምነት ደግሞ ብዙ ሞተር አበላሽቷል። እዚህ ውሃ በረዶ ባይሆን እንኳ ኩላንቱ ዝገትን ይከላከላል፣ ፖምፓውን ከመበላት ይጠብቃል፣ እኩል በእኩል ሲደባለቅም የመፍያውን ሙቀት በጥቂት ዲግሪዎች ከፍ ያደርጋል። መርዝ ስለሆነና ስለሚጣፍጥ ግን ልጅ፣ ውሻ ወይም ፍየል በሚደርስበት ቦታ መፍሰስ የለበትም።

ቴርሞስታቱ ከተጠረጠረ ፈትቶ በድስት ውሃ ውስጥ ማንጠልጠልና ማሞቅ ነው፤ ከመፍላቱ በፊት ሲከፈት በዓይን ይታያል። ጭሮ ላይ የድስቱ ውሃ በ94 ዲግሪ ስለሚፈላና ብዙ ቴርሞስታቶች ሙሉ በሙሉ የሚከፈቱት 95 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ መከፈት ጀምሮ ጥቂት የቀረው ተበላሸ ተብሎ አይጣል። አውልቆ ያለ እርሱ መንዳት በአገራችን የተለመደ ነው፣ ግን መፍትሔ ሊባል አይገባም። ሞተሩ በወጉ ሳይሞቅ ስለሚሠራ ነዳጅ ያበዛል፣ ቶሎ ያልቃል፤ የተደፈነው ራዲያተርም ሳይታይ ይቆያል።

መንገድ ላይ ቀስቱ መውጣት ሲጀምር ኤሲ አጥፍቶ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው መክፈት ጥቂት ሙቀት ከሞተሩ ይቀንሳል። ቀዩ ላይ ከደረሰ ቆሞ ማጥፋት ብቻ ነው የቀረው። የጋለ ራዲያተር ክዳን መክፈት ፊትንና እጅን ይልጣል፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መጠበቅና ከዚያም በወፍራም ጨርቅ ይዞ ቀስ ብሎ ማላላት ያስፈልጋል። ውሃ አልቆበት በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። ጫት የጫነ አይሱዙ ጭነቱ ሳይጠወልግ ገበያ መድረስ ስላለበት ቆሞ መጠበቁ ለሹፌሩ እጅግ ከባድ ነው፤ ይሁንና በቀዩ ላይ የተነዳ ሞተር የሚያስከትለው ወጪ ከአንድ ጭነት በላይ ነው።

ወጪው የሚመጣው በጓርኒሲዮኑ በኩል ነው። በብዙ መኪኖች ቴስታታው አሉሚኒየም፣ የሞተሩ አካል ደግሞ ብረት ነው፤ አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ሁለት እጥፍ ያህል ይለጠጣል። ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ቴስታታው ይጣመማል፣ በመካከል ያለው ጓርኒሲዮን ይቃጠላል፣ ውሃ፣ ዘይትና ጭስ መንገዳቸውን ይስታሉ። ምልክቱ ቤት ውስጥ ይለያል፤ ምንም ሳያፈስ ውሃ የሚቀንስ፣ በማርሚታው ነጭ ጭስ የማያቋርጥ፣ ዘይቱ እንደ ወተት የነጣ፣ ክዳኑ ተከፍቶ ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሣ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ የሚንቆረቆር ከሆነ ጥርጣሬው ወደዚያ ነው።

የቤቱ ሥራ እዚህ ላይ ያበቃል። ማሸጊያ ዱቄት እያፈሰሱ መንዳት የራዲያተሩን ቱቦዎች ጭምር ይደፍናል። ቴስታታው ሲወርድ ባለቤቱ አንድ ነገር አጥብቆ ይጠይቅ፦ ቶርኖ ቤት ሄዶ የፊቱ ጠፍጣፋነት ይለካ። ለብዙ ትናንሽ የቤንዚን ሞተሮች የተፈቀደው መጣመም 0.05 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ በተጣመመ ቴስታታ ላይ የተገጠመ አዲስ ጓርኒሲዮን ዳግመኛ ይቃጠላል። ቦሎኖቹም ከመካከል ወደ ዳር፣ በየተራና በዙር፣ ፋብሪካው በወሰነው መጠን በሚለካ ቁልፍ መጥበቅ አለባቸው።