ቅጥርና በር

ጠረፍ ማለት የአንዱ ግዛት አልቆ የሌላው ግዛት የሚጀመርበት ስፍራ ነው። በጠረፍ የሚኖር ሰው ጎረቤቱን የፈራ እንደ ሆነ ቤቱን ምሽግ አድርጎ ይሠራል። በቀድሞ ዘመን በእንግሊዝና በስኮትላንድ ጠረፍ የነበሩ ባለርስቶች እንዲህ አደረጉ። ግድግዳው ወፍራም፥ መስኮቱ ጠባብ የሆነ ረጅም የድንጋይ ግንብ ሠሩ፤ ወራሪ በመጣ ጊዜ ከብታቸውን በምድር ቤት ዘግተው እነርሱ በፎቁ ላይ ይጠበቁ ነበር።

ከበደሳ ተነሥቶ በጭሮ፥ በሂርናና በጨለንቆ በኩል ወደ ምሥራቅ የሚሄድ መንገደኛ ሐረር ሲደርስ ይህን የመሰለ ሥራ ያያል። በሐረር ግን የታጠረው የአንድ ሰው ቤት ሳይሆን ከተማይቱ በሙሉ ናት። ቅጥሩ ጀጎል ይባላል። ከፍታው 4 ሜትር ያህል ነው፤ ዙሪያውም ከ3 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ የጥንት በሮቹም 5 ናቸው።

ቅጥሩን ያሠሩት አሚር ኑር እንደ ሆኑ ይነገራል። ዘመኑ የጦርነት ዘመን ነበረ። በ1551 ዓ.ም. ዐፄ ገላውዴዎስ ከአሚር ኑር ጋር ሲዋጉ በጦር ሜዳ ሞቱ። አሚሩም ድል ቢያደርጉ ዕረፍት አላገኙም፤ ከኦሮሞ ሠራዊት ጋር ብርቱ ውጊያ ገጠማቸው። ቅጥር ጦርን ይመልሳል፤ ራብና ቸነፈር ግን በር ሳያንኳኩ ወደ ከተማይቱ ገቡ። አሚር ኑርም ራሳቸው በ1560 ዓ.ም. ገደማ በቸነፈሩ ሞቱ።

ከዚያም በኋላ ሐረርን ያኖራት ቅጥሯ ብቻ አይደለም። በሮቿ ማታ ይዘጉ፥ ጧት ይከፈቱ ነበር። የገጠሩ ገበሬ ጦሩን በበሩ ላይ ትቶ እህሉንና እንጨቱን ይዞ ይገባል፤ የከተማው ሰውም የሸመነውን ልብስ ይሸጥለታል። አባቶቻቸው የተዋጉ ልጆች በገበያ ተገናኙ፤ አንዱም የሌላውን ቋንቋ ተማረ።

የእንግሊዝና የስኮትላንድ መንግሥታት በ1595 ዓ.ም. በአንድ ንጉሥ ሥር በሆኑ ጊዜ የጠረፉ ዘረፋ ቀስ በቀስ ጠፋ፤ ከግንቦቹም ብዙዎቹ ባዶ ቀሩ። ጀጎልን ግን ሰው አልተለየውም፤ በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ ከዓለም ቅርሶች ጋር መዘገበው።

ድንጋይ ጠላትን ይከለክላል፤ እንጀራ ግን የሚገባው በበር ነው እንጂ በቅጥር አይደለም። ስለዚህ ከጎረቤቱ ጋር የተጣላ ሰው ቅጥሩን ከፍ ከማድረጉ አስቀድሞ በሩን ይመልከት።