የዶሮ ጉበት ስብ

የዶሮ ጉበት ስብ በዶሮ ጉበት ውስጥ የሚገኘው ቅባት ነው። 100 ግራም ጥሬ የዶሮ ጉበት 5 ግራም ያህል ስብና 17 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ስለዚህ ጉበት በተለምዶ ስብ ከማይበዛባቸው የሥጋ ዓይነቶች ይመደባል። ሆኖም መጠኑ እንደ መኖው፣ እንደ ዶሮዋ ዕድሜና እንቁላል መጣሏ ይለያያል።

የስቡ አፈጣጠር

በላምና በበግ አዲስ ስብ በብዛት የሚሠራው በራሱ በስብ ህብረ ሕዋስ ውስጥ ነው። በአእዋፍ ግን ይህን ሥራ በዋናነት የሚያከናውነው ጉበት ነው። ጉበቱ ከበቆሎና ከሌላ እህል የተገኘውን ስኳር ወደ ስብ ለውጦ በደም አማካኝነት ወደ ሰውነት ይልካል፤ በእንቁላል ጣይ ዶሮ ደግሞ ወደ አስኳሉ ይልካል። የሚሠራው ከሚላከው ከበለጠ ትርፉ እዚያው ጉበቱ ውስጥ ይጠራቀማል።

የስብ አሲዶች

ከ5 ግራሙ ስብ ውስጥ 1.6 ግራም ያህሉ የጠገበ ስብ ነው፤ በዚህ ውስጥ ዋናዎቹ ፓልሚቲክና ስቴሪክ አሲድ ናቸው። ካልጠገቡት መካከል ኦሌይክና ሊኖሌይክ አሲድ ይበዛሉ። በሕዋስ ሽፋን ውስጥ ባለው ስብ አራኪዶኒክ አሲድም ይገኛል። ተልባ ወይም የዓሣ ዘይት በመኖው ሲጨመር የኦሜጋ 3 ስብ አሲዶች መጠን ከፍ ይላል።

የስብ መብዛት

ኃይል ሰጪ መኖ በብዛት እየበሉ እንቅስቃሴ የሌላቸው እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ጉበታቸው በስብ ሊሞላ ይችላል። እንዲህ ያለው ጉበት ቢጫና በቀላሉ የሚፈረፍር ይሆናል፤ ሲቀደድም ዶሮዋ ውስጧ ደምቶ በድንገት ትሞታለች።

በፈረንሳይ የሚታወቀው ፏ ግራ የተባለው ምግብ የሚዘጋጀው ዳክዬ ወይም ዝይ በቱቦ በግድ እየተቀለበ በሚሰባ ጉበት ነው። የዚህ ጉበት ግማሽ ያህሉ ስብ ሊሆን ይችላል፤ አብዛኛውም ኦሌይክ አሲድ ነው። በግድ መቀለቡ ወፎቹን ስለሚያሠቃይ በርካታ አገሮች ከልክለውታል።

ለተመጋቢው

100 ግራም ጥሬ የዶሮ ጉበት 345 ሚሊግራም ያህል ኮሌስትሮል፣ 9 ሚሊግራም ያህል ብረትና ከ3,000 ማይክሮግራም በላይ ቫይታሚን ኤ ይዟል። ከመጠን ያለፈ ቫይታሚን ኤ ጽንስን ሊጎዳ ስለሚችል ነፍሰ ጡሮች ጉበት እንዳያዘወትሩ ይመከራል። ጀርሞች እንዲሞቱም ጉበቱ መሐሉ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ መብሰል አለበት።