በትርፍ አምራች ምድር ያለ ድህነት



ስለ ድህነት ቅነሳ ሲነገር አስቀድሞ የሚጠቀሰው ቁጥር ስለሆነ እኔም ከእሱ እጀምራለሁ። በ1988 ዓ.ም. በአገራችን ከመቶ ሰው 45.5 ያህሉ ከድህነት ወለል በታች ይኖር ነበር። ይህ ድርሻ በ1997 ዓ.ም. ወደ 38.7፣ በ2003 ዓ.ም. ወደ 29.6፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 23.5 ወርዷል። በሃያ ዓመት ውስጥ በግማሽ ያህል መቀነስ በየትኛውም አህጉር ቢሆን ትልቅ ውጤት ነው። ቻይና በአርባ ዓመት ወደ 800 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከከፋ ድህነት ስታወጣ መነሻዋ እርሻ ነበር፤ በኋላ ዋናውን ሸክም የተሸከመው ግን ፋብሪካ ነው። የእኛ ለውጥ በአመዛኙ ከማሳ የመጣ ስለሆነ እንቅፋቱንም ማሳ ላይ መፈለግ ይገባናል።

ወለሉ የት ላይ እንደተቀመጠ እንመልከት። በ2008 ዓ.ም. ለአንድ አዋቂ ሰው በዓመት 7,184 ብር ነበር፤ በቀን ሲካፈል ሃያ ብር አይሞላም። ስሌቱ በቀን 2,200 ኪሎ ካሎሪ ከሚያስገኝ ምግብ ይነሣል፤ ልብስ፣ ቤትና ሌላው ወጪ ይጨመርበታል። እንግዲህ በዚያ ዓመት በቀን ሃያ አንድ ብር ፍጆታ የነበረው ሰው በመዝገብ ድሃ አልተባለም። አንድ በሬ ቢሞትበት ወይም አንድ ሰው ቢታመምበት ግን ተመልሶ ይወርዳል። እኛ በየአምስት ዓመቱ የምናነሣው ፎቶግራፍ በመካከሉ ማን እንደወጣ፣ ማን እንደወደቀ አያሳየንም።

የምንኖርበት ምዕራብ ሸዋ ትርፍ አምራች ይባላል። የጊንጪ ጤፍ፣ የጀልዱ ድንች፣ የባኮ በቆሎ ከዞኑ አልፎ ገበያ ይሞላል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት መርሐ ግብር በየዓመቱ የምግብ እጥረት ለሚገጥማቸው ወረዳዎች የታሰበ ስለነበር፣ በእንዲህ ያለ አካባቢ የሚኖር ድሃ ዋና ትኩረቱ አልነበረም። ወረዳው ትርፍ አለው ማለት ግን በየቤቱ ጎተራ ትርፍ አለ ማለት አይደለም።

ይህን ከመጽሐፍ በፊት የተማርሁት ከቤተሰቤ ነው። ታላቅ ወንድሜ በባኮ አካባቢ ገበሬ ነበር። ከባኮ የግብርና ምርምር ማዕከል የወጣው ቢኤች-660 የተባለው ዲቃላ በቆሎ በዘመኑ እጅግ የተመሰገነ ዘር ነበር፤ ወንድሜም ዘሩንና ማዳበሪያውን በብድር ወስዶ ዘራ። ምርቱ አማረ። የጎረቤቱም አማረ። በዚህ የተነሣ በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. የበቆሎ ዋጋ እጅግ ወደቀ፤ ሸልቅቆ ገበያ ማድረሱ እንኳ ያላዋጣው ገበሬ ብዙ ነበር። የማዳበሪያው ዕዳ ግን ባለበት ቆመ። ወንድሜ አንዱን በሬ ሸጠ፤ በቀጣዩ ክረምት ጥማዱ ስለተጓደለ መሬቱን የእኩል ሰጠ። ያደኸየው ጥጋብ ነው ብል አልተሳሳትሁም። መጋዘንና ገዢ ሳይዘጋጅ ምርት ብቻውን ሲጨምር የሚሆነው ይህ ነው።

ሌላው እንቅፋት ደግሞ በዓይን አይታይም። ከአገሪቱ የሚታረስ መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው በአሲዳማነት የተጠቃ ነው፤ ዝናብ የሚበዛባቸው የምዕራብ ሸዋ ደጋዎችም ከዚያ ውስጥ ናቸው። ዝናብ ለረጅም ዘመን ካልሲየሙንና ማግኒዢየሙን አጥቦ ሲወስድ በአፈሩ ውስጥ አሉሚኒየም ያይላል፤ የሰብሉን ሥር ያቀጭጫል፤ ፎስፈረሱንም ይዞ ያስቀረዋል። ስለዚህ ገበሬው በብድር ከገዛው ማዳበሪያ ከፊሉን የሚወስደው አፈሩ ነው፤ ዕዳው ግን የሙሉው ነው። ገብሱ ሲቀጭጭበት መሬቱ ደከመ ብሎ ለከርሞ ማዳበሪያ ይጨምራል።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ኖራ ነው። የሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል ለዓመታት የሠራበት ጉዳይ ነው፤ ኖራውም ከዚህ ጥቂት ኪሎ ሜትር በምትርቀው በጉደር ይፈጫል። ታዲያ ለምን አልተዳረሰም? እንደ አፈሩ ሁኔታ ለአንድ ሄክታር ሠላሳ ኩንታልና ከዚያም በላይ ሊያስፈልግ ይችላል። መኪና መንገድ ዳር ቢያራግፈውም ከዚያ ወደ ማሳው የሚያደርሰው አህያ ነው፤ ዳገቱን የምታውቁ፣ በአህያ ጀርባ ሠላሳ ምልልስ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ጥቅሙ ደግሞ ለበርካታ ዓመታት የሚዘልቅ ነው። በየዓመቱ ውሉን የሚያድስ የእኩል አራሽ፣ ለከርሞ ማን እንደሚያርሰው በማያውቀው መሬት ላይ ይህን ሁሉ ወጪ አያወጣም። ባለመሬቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ በሬ የሌለው፣ አቅመ ደካማ ወይም ባሏ የሞተባት ሴት ናት። የወንድሜን መሬት ያረሰው ሰው ኖራ ይጨምርበት ነበር ወይ? አይመስለኝም፤ እኔም ብሆን አልጨምርም።

ስለዚህ የኖራን ወጪ እንደ ማዳበሪያ በገበሬው ብድር ላይ ከመጫን፣ እንደ መንገድ ሥራ የሕዝብ ወጪ ማድረግ ይሻላል ባይ ነኝ። አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ በጀቱ አይፈቅድም ይሉኛል። አፈሩ ለሚያስቀረው ማዳበሪያ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪም ግን ከዚያው ከአገር ሀብት ነው።

የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች አንድ ነገር እጠይቃችኋለሁ። ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ በየጊዜው አዲስ ቀበሌ አትፈልጉ። ከእናንተ በፊት የተጠኑትን ቤተሰቦች ፈልጉና ወደ እነሱ ተመለሱ። በሬው አለ ወይ? ዕዳው ተከፈለ ወይ? መሬቱን ዘንድሮ ማን አረሰው? መጠይቁን አብረን እናዘጋጃለን።